ዳኛው ያላየውን ጥፋት ማን ይናገር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በቴሌቪዥን በተላለፈ የስኑከር (ጠረጴዛ ላይ ኳሶችን በዱላ እየመቱ ቀዳዳ ውስጥ የማስገባት ጨዋታ) ውድድር ላይ አንድ ተጫዋች ቀይ ኳስ ለመምታት ሲያጎነብስ የሸሚዙ እጅጌ ሮዙን ኳስ ነክቶ ሲያንቀሳቅሰው በድጋሚ በታየው ምስል በግልጽ አይተዋል። ዳኛው አላየም። ተጫዋቹም ምንም እንዳልተፈጠረ መጫወቱን ቀጠለ፤ ፍሬሙንም (የግጥሚያውን አንድ ዙር) አሸነፈ። «ስኑከር የጨዋ ሰዎች ጨዋታ ነው ይባላል፤ ታዲያ ይህ ሰው አጭበርባሪ አይደለም? ዳኛውስ ምስሉን አይቶ ለምን ውጤቱን አልሻረም? እኛ ያለ ዳኛ ስንጫወት ነካ፣ አልነካም እያልን ስንጨቃጨቅስ የማን ቃል ይጽና?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከቀላሉ ልጀምር። ዳኛው ወደ ኋላ ያልተመለሰው ስላልፈለገ ሳይሆን ስለማይችል ነው። በስኑከር ሕግ ዳኛው ያልጠራው፣ ተጋጣሚውም ያላመለከተው ጥፋት ቀጣዩ ምት በተመታባት ቅጽበት እንደታለፈ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቢመሰክር ነጥቡ አይነካም። ሕጉ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን አማራጩን ያስቡት። ጨዋታው ሲጀመር ጠረጴዛው ላይ 22 ኳሶች አሉ፤ 15 ቀይ፣ 6 ባለ ሌላ ቀለምና ነጩ መምቻ ኳስ። እያንዳንዱ ምት የሚቀጥለውን ይወስናል። ሮዙ ኳስ በእጅጌ ተነክቶ ሁለት ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ በኋላ ተጫዋቹ አምስት ጊዜ መትቶ ከሆነ የትኛውን ኳስ ወዴት ይመልሱታል? በእግር ኳስ ግብ ከተሻረ ጥፋቱ በተፈጸመበት ቦታ ቅጣት ምት ተመትቶ ጨዋታው ይቀጥላል። በስኑከር ግን የፈረሰው አቀማመጥ ራሱ ጨዋታው ነው፤ እሱን መልሶ መገንባት አይቻልም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ምት ባለችው ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው።

ሕጉ ለዳኛው እርዳታ አልነፈገውም። አንድ ክስተት ካመለጠው ነጥብ መዝጋቢውን ወይም ለማየት የተመቸ ቦታ ላይ የነበረን ሰው ሊጠይቅ፣ የተቀረጸ ምስልም ሊመለከት ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን በመጀመሪያ አንድ ነገር መፈጠሩን መጠርጠር አለበት። እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው ያዩት ድጋሚ ምስል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ተጫዋቹ ቀጣዩን ኳስ ካስገባ በኋላ ነው። ዳኛው ያኔ ሌላ ባለ ቀለም ኳስ ከቀዳዳው አውጥቶ በቦታው እያስቀመጠ ነው።

በዚያች አጭር ጊዜ መናገር የሚችለው ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ዳኛው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተጋጣሚና ዱላውን የያዘው ተጫዋች። ሦስቱም ምን እንደሚያዩ በቅርበት እንመልከት። ነጩ ኳስ ከሮዙ ኋላ ተጠግቶ ቆሟል እንበል። ተጫዋቹ በሮዙ ላይ ተሻግሮ መምታት ይኖርበታል። ጣቶቹን በጨርቁ ላይ ቀጥ አድርጎ ይተክላል፤ መዳፉን ወደ ላይ ያነሳል፤ የዱላውንም ጀርባ ከፍ ያደርጋል። በእግሩ ጣቶች ጫፍ ቆሟል፤ አገጩ ከዱላው ጋር ሊነካካ ደርሷል። ዓይኑ ከነጩ ወደ ቀዩ፣ ከቀዩ ወደ ቀዳዳው ይመላለሳል። በዚያ ሰዓት ክርኑን አያይም፤ የእጅጌውን ቁልፍ አያይም፤ የሰደርያውን ጫፍ አያይም። ተጋጣሚው ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ ዓይኑ ከኳሶቹ ከፍታ ብዙም አይበልጥም፤ አንዱ ኳስ ሌላውን ይጋርድበታል። ዳኛው ደግሞ በተጫዋቹ የዕይታ መስመር ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድለት ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። ጥሩ ዳኛ እንዲህ ያለውን አቋቋም ሲያይ አስቀድሞ ቦታ ይቀይራል፤ ከነጩ ኳስ ይልቅ በእጁና በሮዙ መካከል ያለውን ክፍተት ይጠብቃል። ቢሆንም በተሳሳተው ጎን ከቆመ የተጫዋቹ ትከሻ ሁሉን ነገር ይሸፍንበታል። እንዲህ ያለ ጥፋት ማምለጡ የዳኛ ስንፍና ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ተጫዋቹ አጭበርባሪ ነው ወይ? ምስሉ የሚያሳየው መንካቱን ነው፤ ማወቁን አያሳይም። እጅጌ ስሜት የለውም። የላላ ጨርቅ ኳስ ሲገፋ ክንዱ ላይ የሚደርስ ነገር የለም፤ ሰውየውም ሮዙን እያየ አልነበረም። በዚህ ማስረጃ ብቻ የሰው ስም ማጥፋት ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን ሁሉም ንክኪ አንድ ዓይነት አይደለም። ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት ዱላውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያመላልስ የዱላው ጫፍ ነጩን ኳስ ከነካ፣ ንክኪው በእንጨቱ በኩል እስከ መጨረሻዋ ጣቱ ይደርሰዋል፤ ዓይኑም ያተኮረው እዚያው ላይ ነው። ጣቱ ኳስ ከነካም እንደዚያው ነው፤ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰው ያውቃል። በእነዚህ ሁለት ጥፋቶች ላይ ዝም ያለ ባለሙያ አላወቅሁም ቢለኝ አላምነውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የሚጠፋው ነገርም ቀላል አይደለም። የጥፋት ቅጣት ቢያንስ 4 ነጥብ ነው፤ ጥፋቱ ሰማያዊውን ኳስ ከነካ 5፣ ሮዙን 6፣ ጥቁሩን 7 ይሆናል። እርስዎ ባዩት ጨዋታ ተጋጣሚው 6 ነጥብ ማግኘት ነበረበት። ከነጥቡ በላይ ግን ተራው ነበር። በባለሙያዎች ደረጃ ኳሶቹ ተበትነው ባሉበት ጠረጴዛውን ለተጋጣሚ ማስረከብ ብዙውን ጊዜ ፍሬሙን ማስረከብ ማለት ነው። ራሱ ላይ ጥፋት የሚጠራ ተጫዋች ይህን አውቆ ነው የሚጠራው።

እናም ይጠራሉ። ስኑከርን አዘውትሮ የሚከታተል ሰው ይህን ደጋግሞ አይቶታል፤ ተጫዋቹ ምቱን በመሃል ያቆማል፣ ቀና ይላል፣ እጁን ከፍ አድርጎ ለዳኛው «ነክቻለሁ» ይላል፣ ወደ ወንበሩ ይሄዳል። ዳኛውም ሳይጠራጠር ጥፋቱን ይጠራል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ተጫዋቾቹ ግን ብዙም አይገረሙም፤ ለእነሱ ይህ የሥራው አካል ነው። ይህን ልማድ አጥብቆ ያቆየው የተጫዋቾቹ የተለየ ቅድስና ነው ብዬ አላምንም። ዋናው የሙያ ማኅበር ውድድሮች ላይ የሚሳተፈው ሰው 128 ገደማ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ በተመሳሳይ አዳራሽ፣ በተመሳሳይ መለማመጃ ክፍል፣ በተመሳሳይ ሆቴል ይገናኛሉ። አንድ ሰው ዛሬ በ6 ነጥብ ቢያጭበረብር፣ ያጭበረበረውን ሰው ከወር በኋላ ሌላ ከተማ ላይ ያገኘዋል። ስሙ የተበላሸ ተጫዋች ደግሞ በሚቀጥለው አከራካሪ ውሳኔ ላይ ቃሉን የሚቀበለው የለም፤ በስኑከር ውስጥ የተጫዋች ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ዝምታን ብቻ ለይቶ የሚቀጣ አንቀጽ ግን የለም። ዳኛው ሆን ተብሎ ወይም በተደጋጋሚ ፍትሐዊ ያልሆነ ተግባር ሲፈጸም ካየ ማስጠንቀቅ፣ ፍሬም መንጠቅ፣ ነገሩ ከባሰም ጨዋታውን ለተጋጣሚው መስጠት ይችላል፤ ሰው በልቡ ያወቀውን ማስረጃ አቅርቦ ማረጋገጥ ግን ማን ይችላል?

የነገሩን ሌላ ገጽታ ብዙ ሰው አያነሳም። ተጫዋቹ አልነካሁም፣ ወይም በትክክል መትቻለሁ እያለ ዳኛው ጥፋት ሲጠራስ? ከዚህ የሚልቅ ምሳሌ በ2017 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ታይቷል (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውድድሩ ከ1977 ጀምሮ የሚካሄድበት የሼፊልዱ ክሩሲብል ቴአትር ውስጥ ማርክ ሴልቢና ጆን ሂጊንስ ይጫወታሉ። ሂጊንስ 10 ለ 4 መርቶ ነበር፤ ሴልቢ ከዚያ ተነስቶ 16 ለ 14 መምራት ጀምሯል። ለማሸነፍ 18 ፍሬም ያስፈልጋል። በ31ኛው ፍሬም ሴልቢ ነጩን ቀስ አድርጎ ወደ ጥቁሩ ኳስ አንከባለለው፤ ዓላማው ጥቁሩን ነክቶ ነጩን ከኋላው መደበቅ ነበር። ሆላንዳዊው ዳኛ ያን ፈርሃስ አልነካውም ብሎ ጥፋት ጠራ። ሴልቢ ነክቷል ብሎ ተከራከረ። ምስሉ ታየ፤ ሁሉንም የሚያሳምን መልስ ግን አልሰጠም። ፈርሃስ በውሳኔው ጸና። ሂጊንስ ፍሬሙን ወስዶ ልዩነቱን ወደ 16 ለ 15 አጠበበ። ሴልቢ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ፍሬሞች አሸንፎ በ18 ለ 15 ዋንጫውን አነሳ። ባይሆንለት ኖሮ ስለዚያ አንድ ምት እስከ ዛሬ ሲጻፍ በኖረ ነበር።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቀስ ብሎ የሚንከባለል ኳስ ለዳኛ ቀላል ይመስላቸዋል። እንዲያውም ከከባዶቹ አንዱ ነው። የስኑከር ኳስ አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ ምልክት፣ መስመር ወይም ቁጥር የለበትም። በቦታው ቆሞ ትንሽ ቢዞር ዓይን አይለየውም፤ የሚታየው ከቦታው ሲለቅ ብቻ ነው። እየሞተ የሄደ ነጭ ኳስ ጥቁሩን ከፀጉር በቀጠነ ኃይል ቢነካው ጥቁሩ የሚለቀው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ድምፁም አዳራሹ ውስጥ ሰው ቢያስል ይጠፋል። ስለዚህ ዳኛው የሚያደርገው ነጩ ከሚሄድበት መስመር ጎን ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለቱ ኳሶች መካከል ያለውን የብርሃን ክፍተት መጠበቅ ነው። ነጩ ሲቆም ክፍተቱ አለ ወይስ የለም? ተጋጥመው ከቆሙ ነክቷል። ክፍተት ካለና ጥቁሩ ሲንቀሳቀስ ካልታየ አልነካም። ክፍተት እያለ ጥቁሩ በጥቂቱ ነቅነቅ ብሎ ከሆነስ? እዚያ ላይ ነው ሰው ከሰው የሚለያየው።

ካሜራ ይህን ለምን አይፈታውም የሚሉ አሉ። ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። የስኑከር ጠረጴዛ የመጫወቻ ርዝመት 3.569 ሜትር ነው። ከላይ የተሰቀለ ካሜራ ጠረጴዛውን በሙሉ ርዝመቱ 1,920 ነጥብ ስፋት ባለው ምስል ላይ ቢያሳይ አንዷ የምስል ነጥብ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ትወክላለች። የምንከራከርበት ክፍተት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል። ካሜራው ቢቀርብም ከጎን ሳይሆን ከፊት ወይም ከኋላ ካየ ኳሶቹ የተደራረቡ ይመስላሉ። ፈጣን ምት ሲሆን ደግሞ ችግሩ የጊዜ ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚጓዝ ኳስ በሰከንድ 50 ምስል በሚያነሳ ካሜራ ሲቀረጽ ከአንዱ ምስል እስከ ሌላው 4 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የኳሱ ዲያሜትር 52.5 ሚሊ ሜትር ነው። ነጩ ቀዩንና ቡናማውን ተጠጋግተው ባሉበት ቢመታ የትኛው ቀድሞ ተነካ የሚለው ጥያቄ በሁለት ምስሎች መካከል ጠፍቶ ሊቀር ይችላል።

ለዚህም ነው ፈርሃስ በውሳኔው መጽናቱ ትክክል ነበር የምለው። ኳሱ በእርግጥ አልነካም ነበር እያልኩ አይደለም። በጊዜው ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ይዞ በዓይኑ አይቷል፤ ምስሉ ያየውን ውድቅ አላደረገበትም። ምስል ካላረጋገጠ ወይም ካላፈረሰ፣ የመጀመሪያው ዕይታ ይጸናል እንጂ ብዙ የተከራከረው ተጫዋች አይረታም። ሴልቢም መከራከሩ ነውር አልነበረም፤ ከዱላው ጀርባ ሆኖ ያየውን ነው የተናገረው። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች ከሁለት ማዕዘን አንድ ነገር አይተው ሊለያዩ ይችላሉ።

ወደ ቃል ዋጋ ስመለስ፣ ብዙ ተመልካች የማያስተውለው የሐቀኝነት ፈተና ያለው ከ«ፋውል ኤንድ ኤ ሚስ» በኋላ ነው። ተጫዋቹ መምታት ያለበትን ኳስ ሳይመታ ሲቀር፣ ዳኛው በቂ ሙከራ አላደረገም ብሎ ካመነ ሚስ ይጠራል። ያኔ ተጋጣሚው ኳሶቹ ወደነበሩበት እንዲመለሱና ያው ተጫዋች እንደገና እንዲመታ መጠየቅ ይችላል። በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ፤ ሚስ መጥራት ስድብ አይደለም። ከባለሙያ የሚጠበቀው ችሎታ ከፍ ያለ ስለሆነ ዳኞች ለጥቂት ያመለጠውንም ይጠሩታል። ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ኳሱን በቀላሉ የሚያገኝ ግን ቀዮቹን የሚበትን፣ ሌላው ሦስት ጠርዝ ዞሮ የሚመጣ፣ ቢስትም አደጋ የማይተው። ሁለተኛውን ቢመርጥ አጭበርባሪ አይባልም፤ ዋጋውን ግን ይከፍላል። ዋጋው የት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት በ2021 በስኮትላንድ ኦፕን ማጣሪያ ጂሚ ሮበርትሰን በአንድ ፍሬም ያገኘውን 178 ነጥብ ማስታወስ ይበቃል፤ ከዚህ ውስጥ 44ቱ የተጋጣሚው ጥፋት የሰጠው ነበር። ሙሉ ቀጥተኛ መንገድ እያለው የሚስት ከሆነ ደግሞ ሕጉ ይጠነክራል፤ ከሁለተኛው በኋላ ዳኛው ያስጠነቅቀዋል፣ ሦስተኛውን ከሳተ ፍሬሙን ያጣል።

ኳሶቹን መመለሱ ላይ ነው ሁለቱም ተጫዋቾች የሚፈተኑት። ዳኛው ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ነጩን ኳስ ያስቀምጣል፤ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ውድድር ከመምታቱ በፊት የነበረውን ምስል ከአሁኑ ጋር እያስተያየ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ» የሚለው ሰው አለ። ሕጉ ዳኛው ሁለቱንም ተጫዋቾች እንዲያማክር ያዝዛል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የእሱ ነው። በምክክሩ ላይ ኳስ የነካ ተጫዋች እየመታ እንዳጠፋ ተቆጥሮ ይቀጣል። አሁን ያስቡ፤ ነጩ ኳስ ከነበረበት አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ከተቀመጠ መቺው የቀዩን ጫፍ ማየት ይችላል። እሱ ያውቃል፤ ከማንም በላይ ያቺን ማዕዘን አጥንቷታል። ዳኛው «እንዲህ ነበር?» ሲለው «አዎ» ብሎ ዝም ማለት ይችላል። ብዙዎቹ «አይደለም፣ አይታየኝም ነበር» ይላሉ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ነው፤ ተጋጣሚው ቀዩ ይታይ እንደነበር እያወቀ «ተሸፍኖ ነበር» ሊል ይችላል። እኔ አንድን ተጫዋች ለማወቅ ብፈልግ በእጅጌ ንክኪ ሳይሆን በዚህች ደቂቃ ነው የምመዝነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ አላወቅሁም የሚል መሸሸጊያ የለም።

ከዚህም የረቀቀው የሂሳቡ ጉዳይ ነው። አንደኛው ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ የቀረው ነጥብ ስለማይበቃው ለማሸነፍ የተጋጣሚውን ጥፋት የሚፈልግበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ዳኛው ሆን ተብሎ አልተሳተም ብሎ ካመነ ሚስ አይጠራም። ቀዮቹ አልቀው ስድስቱ ባለ ቀለም ኳሶች ብቻ ቀሩ እንበል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው 27 ነጥብ ነው። መሪው በ30 ይበልጣል። ተጋጣሚው ነጩን ከሌላ ኳስ ጀርባ ደብቆበታል። መሪው ቢስት 4 ነጥብ ያጣል፤ ልዩነቱ 26 ይሆናል፤ ተጋጣሚው አሁን ያለ ተጨማሪ ጥፋት ማሸነፍ ይችላል፤ ነገር ግን ሚስ ስላልተጠራ ኳሶቹ አይመለሱም። መሪው ታዲያ ተራው የሆነውን ቢጫ ኳስ በእውነት ለመምታት ሞክሮ ኳሶቹን አደገኛ ቦታ ከሚያደርሳቸው ነጩን አስተማማኝ ቦታ ላይ አቁሞ 4 ነጥብ ቢለግስ ይሻለዋል። ይህን ሆን ብሎ ካደረገው ሕግ ጥሷል፤ ዳኛውም ሚስ ሊጠራበት ይችላል። ግን ሳይታሰብ በጥቂቱ የሳተ ምትና ሆን ተብሎ በጥቂቱ የተሳተ ምት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ዳኛው የሚፈርደው በምቱ ፍጥነትና በተመረጠው መንገድ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም።

ክርክር ሁሉ ግን ስለ ኳስ አይደለም። በ2022ቱ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ሮኒ ኦሱሊቫን ከጀድ ትራምፕ ጋር ሲጫወት ቤልጅየማዊው ዳኛ ኦሊቪየር ማርቴል ነውረኛ የእጅ ምልክት አሳይተሃል ብሎ አስጠነቀቀው፤ ኦሱሊቫን አላደረግሁም ብሎ ዳኛውን ሞገተው። በመጨረሻ 18 ለ 13 አሸንፎ ሰባተኛ ዋንጫውን ወሰደ። ስለ ኳስ ሲሆን የተጫዋችን ቃል የሚያምን ዳኛ ስለ ጠባይ ሲሆን አያምንም፤ ይህ ልዩነት ተገቢ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ ዳኛና ተጫዋች መነጋገራቸው ራሱ የተገደበ ነው። ዳኛው በሕጉ ያልተፈቀደ ጥያቄ አይመልስም፤ ተጫዋቹ ሊያጠፋ መሆኑን እያየ እንኳ ፍንጭ አይሰጥም። ቀለም መለየት ለሚቸግረው ተጫዋች ግን ሲጠየቅ የኳሱን ቀለም ይነግረዋል። ለማርክ ዊሊያምስና ለፒተር ኤብደን ቡናማውን ከቀዮቹ መለየት ከባድ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ግን የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።

ስለ ሐቀኝነት ከተነሳ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ባልፍ ዓይንን በጨው ማጠብ ይሆንብኛል። በእጅጌ ንክኪ ራሱን የሚከስ ሙያ በውርርድ ጉዳይ ግን ብዙ ቆሽሿል። ስቴፈን ሊ በ2013 ጨዋታ በማስተካከል (ውጤቱን አስቀድሞ በመወሰን) ለ12 ዓመት ታግዷል። በ2023 አሥር ቻይናውያን ተጫዋቾች ተቀጡ፤ ሊያንግ ዌንቦና ሊ ሃንግ የዕድሜ ልክ እገዳ ተጣለባቸው። ዣኦ ሺንቶንግ ሌላ ተጫዋች ጨዋታ ሲያስተካክል ተባባሪ በመሆንና በመወራረድ 20 ወር ተቀጣ፤ ቅጣቱን ጨርሶ ተመለሰና በ2025 ማርክ ዊሊያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እነዚህን ጥፋቶች ጠረጴዛ ዳር የቆመ ዳኛ ሊይዛቸው አይችልም፤ ሆን ተብሎ የተሳተ ኳስ ልክ እንደማንኛውም የተሳተ ኳስ ይንከባለላል። «የጨዋ ሰዎች ጨዋታ» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ጠረጴዛው ላይ ስላለው ነገር ነው፤ ከዚያ ውጭ ላለው ሁሉ መሸፈኛ ሲደረግ አልወደውም።

የመጨረሻ ጥያቄዎ ያለ ዳኛ ስትጫወቱ የማን ቃል ይጽና የሚለው ነው። ዳኛ በሌለበት ተቀማጩ ተጫዋች የዳኛውን ቦታ ይይዛል ብላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ይህ ማለት ወንበር ላይ ተደግፎ መቀመጥ አይደለም። አስጊ ምት ሲመጣ፣ በተለይ ኳስ ላይ ተሻግሮ መምታት፣ ቀስ ብሎ ማንከባለልና ሁለት ኳስ ተጠጋግቶ ባለበት መምታት ሲኖር፣ ተነስታችሁ ከምቱ መስመር ጎን ቁሙ፤ መቺውም እስክትቆሙ ይጠብቅ። ነጩና ሌላ ኳስ የተነካኩ ከመሰላችሁ ከመምታቱ በፊት ተስማሙ እንጂ በኋላ አትከራከሩ። ሁለታችሁም አይታችሁ ካልተስማማችሁ፣ ተቀማጩ በእርግጠኝነት አይቻለሁ የሚል ካልሆነ በቀር ምቱን እንደ ትክክል ቁጠሩት። ጓደኛዎ ቆሞ ያላየውን ምት ከወንበሩ ሆኖ ጥፋት ነው ቢልዎት አይቀበሉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይነሳል።